የቆሰለ ሰውና ከጭካኔ የተረፈ እንስሳ፦ ስለ ክርስትና እምነትና በእንስሳት ስለሚታገዝ ፈውስ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

አሜሪካ በምንኖር ሐበሾች ዘንድ ይህ ጉዳይ ከጥቂት ዓመታት ወዲህ ደጋግሞ እየተነሳ ነው። የትምህርት ቤት አማካሪ ወይም የልጆች ሐኪም «ልጅዎን ለፈረስ ፕሮግራም ብናስመዘግበውስ?» ይላል። እናት ወረቀቱን ይዛ ወደ ንስሐ አባቷ ወይም ወደ ፓስተሯ ትሄዳለች፤ ከዚያ ለእኛ ይደወላል። እኔ ከጉስቁልና የወጡ ፈረሶችና የቆሰሉ ሰዎች በሚገናኙበት አንድ የክርስቲያኖች ግቢ በበጎ ፈቃድ አገለግላለሁ። ወላጆች፣ ካህናትና ራሳቸው የተጎዱ ሰዎች ደጋግመው የሚጠይቁኝን እዚህ ሰብስቤአለሁ። ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

በእንስሳት የሚታገዝ ፈውስ ሲባል ምን ማለት ነው?

ሦስት የተለያዩ ነገሮች በአንድ ስም ይጠራሉ፤ ግራ መጋባቱም የሚመጣው ከዚያ ነው። የመጀመሪያው ሕክምና ነው። ፈቃድ ያለው የፊዚዮቴራፒ ባለሙያ እግሩ የማይታዘዝለትን ልጅ ፈረስ ላይ ያስቀምጠዋል። ፈረሱ ሲራመድ የልጁን ዳሌ ወደፊትና ወደኋላ፣ ወደ ጎን፣ ወደ ላይና ወደ ታች ያንቀሳቅሰዋል፤ ይህ እንቅስቃሴ ሰው በእግሩ ሲሄድ ከሚያደርገው ጋር በጣም ስለሚቀራረብ ጡንቻና ሚዛን ያሠለጥናል። ሁለተኛው የሥነ ልቦና ሕክምና ነው፤ ፈቃድ ያለው ባለሙያ ከታካሚው ጋር ፈረስ ወይም ውሻ ባለበት ይሠራል። ሦስተኛው አገልግሎት ነው። ሐኪም ነን የማይሉ ክርስቲያኖች ከጭካኔ የተረፉ እንስሳትን ይንከባከባሉ፤ ያዘነና የተሰበረ ሰው መጥቶ አብሯቸው እንዲንከባከብ በራቸውን ይከፍታሉ። እኛ ሦስተኛው ውስጥ ነን። ልጅዎ የትኛውን እንደሚፈልግ ከሐኪሙ ጋር ይነጋገሩ፤ አንዱ የሌላውን ቦታ አይተካም።

ይህ የፈረንጅ አዲስ ፋሽን አይደለም?

ሥሩ የቆየ ነው፤ ከክርስቲያኖች የርኅራኄ ሥራም ጋር ይያያዛል። በእንግሊዝ አገር በዮርክ ከተማ ኩዌከር የሚባሉት ክርስቲያኖች በዊልያም ቱክ መሪነት በ1796 የአእምሮ ሕሙማን ማረፊያ ከፈቱ። በዚያን ዘመን የአእምሮ ሕመምተኛ በሰንሰለት ይታሰርና ይገረፍ ነበር። እዚህ ግን ሕሙማኑ በግቢው ውስጥ ይናፈሱ ነበር፤ ጥንቸልና ዶሮ የመሳሰሉ ትንንሽ እንስሳትም ይሰጧቸው ነበር፤ ደካማን ፍጥረት መንከባከብ ልባቸውን ያለሰልሳል ተብሎ። ጀርመን ውስጥ ቢሌፌልድ አጠገብ በ1867 የተመሠረተውና ቤቴል የሚባለው የሚጥል በሽታ ሕሙማን መንደርም የወንጌላውያን ክርስቲያኖች ሥራ ነው፤ እንስሳት የመንደሩ ኑሮ ክፍል ነበሩ።

ፈረስ ላይ ሲመጣ፣ ዴንማርካዊቷ ሊስ ሃርቴል በፖሊዮ ከጉልበቷ በታች ሽባ ከሆነች በኋላ በ1952 የሄልሲንኪ ኦሎምፒክ ላይ በፈረስ ስፖርት የብር ሜዳሊያ አገኘች። ፈረሱ ላይ ለመውጣትም ከፈረሱ ለመውረድም ሰው ይረዳት ነበር። ከዚያ በኋላ ለአካል ጉዳተኞች የሚሆን የፈረስ ግልቢያ በአውሮፓና በአሜሪካ ተስፋፋ።

ከጭካኔ የተረፉ ፈረሶችን ከቆሰሉ ልጆች ጋር ማገናኘት በአሜሪካ ክርስቲያኖች ዘንድ በሰፊው እንዲታወቅ ካደረጉት አንዱ በኦሪገን ግዛት ቤንድ ከተማ አቅራቢያ ያለው የክሪስታል ፒክስ የወጣቶች ግቢ ነው። ኪም ሚደርና ባለቤቷ ትሮይ በ1995 ሲጀምሩት ቦታው አፈሩ ተዝቆ ያለቀ የድንጋይ ማውጫ ነበር። ኪም ራሷ በ9 ዓመቷ ወላጆቿን በአሰቃቂ ሁኔታ ያጣች፣ ከፈረስ ጋር ባሳለፈችው ጊዜ መጽናናት ያገኘች ናት። አንድ ልጅ ከአንድ ፈረስና ከአንድ አገልጋይ ጋር፣ ያለ ክፍያ፤ አሠራራቸው ይህ ነው። ዛሬ በየግዛቱ የእነሱን ፈለግ የተከተሉ ብዙ ግቢዎች አሉ።

ፈውስ የእግዚአብሔር ነው። ከእንስሳ መጠበቅ ባዕድ አምልኮ አይሆንም?

ይህን የሚጠይቀኝን ሰው አከብረዋለሁ። ፈረስ አይፈውስም። ጸሎት አይሰማም፤ መንፈሳዊ ኃይልም የለውም። «የፈረስ ጉልበት ወደ ሰው ይተላለፋል፣ ፈረስ የነፍስን ምስጢር ያነብባል» ብለው የሚያስተምሩ ቦታዎች አሉ፤ ልጅዎን ወደዚያ አይውሰዱ።

እግዚአብሔር ግን በፍጥረቱ እየሠራ ሰውን ሲረዳ ኖሯል። ኤልያስን በኮራት ፈፋ የመገቡት ቁራዎች ናቸው። ለሕዝቅያስ ቁስል ኢሳይያስ ያዘዘው የበለስ ጥፍጥፍ ነው። በለዓም ያላየውን መልአክ አህያይቱ አይታ፣ ሦስት ጊዜ እየተደበደበች ጌታዋን ከሞት አድናዋለች። ወንበዴዎች ደብድበው የጣሉትን ሰው ደጉ ሳምራዊ ቁስሉን ካሰረለት በኋላ በራሱ አህያ ላይ አስቀምጦ ነው ወደ እንግዶች ማደሪያ የወሰደው። ያዘነለት፣ ዘይትና ወይን ያፈሰሰለት፣ የከፈለለት ሳምራዊው ነው፤ የተሸከመው አህያው ነው። እኛም በግቢያችን ለፈረስ የምንሰጠው ቦታ ይህን ያህል ነው።

ኦርቶዶክሳውያን ወገኖቻችን ደግሞ የአቡነ ገብረ መንፈስ ቅዱስን ሥዕል ያውቁታል፤ ስልሳ አንበሶችና ስልሳ ነብሮች ከብበዋቸው፣ የተጠማች ወፍ ከዓይናቸው እንባ ስትጠጣ። በዝቋላ ስማቸው በሚጠራበት ቀን ከሩቅ አገር በእግሩ የሚሄድ ሕዝብ፣ ቅድስና ከአራዊት ጋር ሰላም እንደሚያወርድ ከልጅነቱ እየሰማ ያደገ ነው።

ለምን የተጎዳ እንስሳ? ጤነኛ ፈረስ አይሻልም ነበር?

እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፤ እኔን በዚህ አገልግሎት ያቆየኝ ይህ ነውና።

የተጎዳ ሰው፣ በተለይ ልጅ፣ ዘወትር ተቀባይ ነው። ሐኪሙ ይሰጠዋል፣ መምህሩ ይሰጠዋል፣ ዘመድ ሁሉ «አይዞህ» ይለዋል። እሱ የሚሰጠው ነገር እንዳለው የሚነግረው የለም። ከእሱ የባሰ የተጎዳ ፍጥረት ፊቱ ቆሞ እጁን ሲጠብቅ ግን ነገሩ ይገለበጣል።

በግቢያችን አንዲት ቡናማ ባዝራ አለች። ውርንጭላ ሳለች ፊቷ ላይ ያሰሩባትን ማሰሪያ የሚያወልቅላት አጥታ አደገች። ራሷ አደገ፤ ማሰሪያው አላደገም። ቆዳዋን ሰንጥቆ ሥጋዋ ውስጥ ገባ፤ ሐኪም አደንዝዞ እየቆረጠ ነው ያወጣላት። ቁስሉ ሲድን በላዩ የበቀለው ጸጉር ነጭ ሆነ፤ አፍንጫዋን ዙሮ ከሩቅ ይታያል። አገር ቤት ጭነት የላጠው የአህያ ጀርባ ላይ ነጭ ጸጉር ሲወጣ ያየ ሰው ምን እንደሆነ ማንም ሳይነግረው ያውቃል። ዛሬም እጅ ወደ ፊቷ ፈጥኖ ሲመጣ ራሷን ሽቅብ ታነሳለች።

ከሰው ጋር መነጋገር ያቆመ አንድ ልጅ አጥሩ ላይ ተደግፎ ያንን ነጭ መስመር ብዙ ካየ በኋላ «ማን ነው እንዲህ ያደረጋት?» አለ። የምናውቀውን ነገርነው። ቀጥሎ የጠየቀው «አሁን ማን ይጠብቃታል?» የሚል ነበር። አብራው የነበረችው እህታችን «ዛሬ አንተ ትጠብቃታለህ» አለችው። ልጁ በዚያን ቀን ፊቷን ለመንካት አልሞከረም። ትከሻዋ አጠገብ ቆሞ፣ እጁን ወደ ታች ዘርግቶ፣ ራሷ እስክታሸተው ጠበቀ። ይህን ማንም አላስተማረውም፤ ፊቱ ላይ ድንገት የሚመጣ እጅ ምን እንደሚያደርግ እሱም ያውቃል።

የፈረስ ተፈጥሮም ይረዳል። ፈረስ አራዊት የሚያድኑት እንስሳ ስለሆነ የሚጠጋውን አካል እያነበበ ነው የሚኖረው። የተቆጣ ሰው፣ ትንፋሹን ያመቀ ሰው ሲጠጋው ጆሮውን ይጥላል ወይም ይሸሻል። ሰውየው ትከሻውን አላልቶ በረጅሙ ሲተነፍስ ይመለሳል። ትምህርት ቤት ምን ስም እንዳወጡለት፣ በስደት መንገድ ምን እንደደረሰበት፣ እንግሊዝኛው ምን ያህል እንደሚሰበር ፈረሱ አያውቅም።

አንድ ነገር ግን ይታወቅ። ገና የሚደነግጥ፣ የሚናከስ ወይም የሚራገጥ እንስሳ ከልጅ ጋር አይገናኝም። አንዳንዱ ፈረስ ይህን አገልግሎት እስከ መጨረሻው ላይችል ይችላል፤ እሱም ሣሩን እየጋጠ በሰላም ይኑር።

አንድ ቀን ምን ይመስላል? ልጄ የመጀመሪያ ቀን ይጋልባል?

አይጋልብም። የመጀመሪያው ቀን አብዛኛው መቆምና ማየት ነው፤ ጆሮው ወዴት ነው፣ ጅራቱ ምን ያደርጋል፣ የቱ እግሩ አርፏል። ቀጥሎ ማጽዳት ይመጣል። የጎማ ማበጠሪያውን በክብ እያዞሩ ጭቃውን ማላቀቅ፣ ከዚያ በለስላሳው ብሩሽ ጸጉሩ በተኛበት አቅጣጫ መጥረግ። ሰኮናውን ማንሳትና የተሰገሰገውን ጠጠር ከተረከዙ ወደ ጣቱ በኩል መንቀል ብዙ ልጆች የሚኮሩበት ሥራ ነው። ግማሽ ቶን የሚጠጋ እንስሳ እግሩን አምኖ ሲሰጥ ልጁ ላይ የሚታየውን ፊት ወላጆች ቆመው እንዲያዩ እጋብዛለሁ። ግልቢያ የሚመጣው ሁለቱ ከተላመዱ በኋላ፣ የራስ ቁር ተደርጎ፣ ሰው እየመራ ነው። ጨርሶ መጋለብ የማይፈልግ ልጅም አለ፤ አናስገድደውም።

ጸሎት? ልጁና ወላጆቹ ከፈቀዱ አጭር ጸሎት እናደርጋለን። ካልፈቀዱ ሥራችንን ዝም ብለን እንሠራለን። የሌላ እምነት ልጆችም ይመጣሉ፤ ሃይማኖት ለውጥ ተብሎ የሚጠየቅ የለም።

እኛ ቤት ሁላችንም ውሻ እንፈራለን። ደግሞስ ውሻ ቤተ ክርስቲያን ይገባል እንዴ?

የሐበሻ የውሻ ፍርሃት ምክንያት አለው። በሰው ላይ ከሚደርሰው የእብድ ውሻ በሽታ 99 በመቶ ያህሉ የሚመጣው ከውሻ ነው፤ አገራችን ዛሬም ሰው ይሞትበታል። ምልክቱ አንዴ ከታየ መዳን የለም ማለት ይቻላል። ስለዚህ የሚፈራን ሰው አናሾፍበትም፤ በግድም አናስነካውም። ለእረፍት አገር ቤት ለሚሄዱም አደራ፦ ውሻ ከነከሰ ቁስሉን ወዲያውኑ በሳሙናና በውኃ ለ15 ደቂቃ ማጠብ፣ ከዚያ ሳይውሉ ሳያድሩ ሐኪም ቤት ሄዶ ክትባቱን መጀመር። እዚህ ለአገልግሎት የሚወጡ ውሾች ግን የተከተቡ፣ የተፈተኑ፣ ባለቤታቸው አጠገባቸው የሚቆም ናቸው።

የቤተ ክርስቲያን ቅጥር ግቢን በተመለከተ ሥርዓታችን ግልጽ ነው፤ ማንም ውሻ ይዞ ይግባ አልልም። አገልግሎቱ የሚሆነው በትምህርት ቤት፣ በሆስፒታል፣ በአዳራሽ ነው። የሉተራን ክርስቲያኖች በጎ አድራጎት ድርጅት ከ2008 ጀምሮ ከኢሊኖይ ተነስቶ የሚልካቸው ጎልደን ሪትሪቨር ውሾች በዚህ ይታወቃሉ። በታኅሣሥ 2012 ኮነቲከት ውስጥ በሳንዲ ሁክ አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት 20 ሕፃናትና 6 የትምህርት ቤቱ ሠራተኞች ሲገደሉ፣ ወደ ኒውታውን ሄደው ለተረፉት ልጆች አጠገባቸው ተኝተውላቸዋል። ለሰው መናገር ያልቻለ ልጅ ለውሻ ጆሮ ያንሾካሽካል።

መጽሐፈ ጦቢትን ደግሞ ያስታውሱ። ጦብያ አባቱን የሚያድንበትን መድኃኒት ወደሚያገኝበት መንገድ ሲወጣ ከጎኑ ቅዱስ ሩፋኤል ነበር፤ ከኋላቸው ደግሞ ውሻው ተከትሏል። ሲመለሱም አብሯቸው ነበር። መጽሐፉ ስለ ውሻው ከዚህ የበለጠ አይልም፤ እኔ ግን የፈውስ መልአክ በሄደበት መንገድ ላይ ውሻ መጠቀሱን በዋዛ አላልፈውም። አልዓዛርም ከባለጠጋው ደጅ ወድቆ ሳለ ቁስሉን ለመላስ የቀረቡት ውሾች ነበሩ።

ይህን ከጀመርን መድኃኒቱን፣ ጸበሉን ወይም የሥነ ልቦና ምክሩን ማቆም እንችላለን?

መድኃኒት ያለ ሐኪም ፈቃድ አይቆምም። ይህን ሳልጨርስ ሰው አላሰናብትም። በመጽሐፈ ሲራክ ምዕራፍ 38 ሐኪምን አክብር፣ እሱንም የፈጠረው እግዚአብሔር ነው ተብሏል። ጸበል መጠመቅም ሆነ መጸለይ ከሐኪም አይጋጭም፤ ፈረስ ማበጠርም እንዲሁ።

በአሰቃቂ ነገር ያለፉ ሰዎች ላይ የተደረጉ ጥናቶች ጭንቀት እንደሚቀንስ፣ የሰለጠነ ውሻ ያገኙ የጦር ጉዳተኞች ምልክታቸው እንደሚቀልላቸው ያሳያሉ። ብዙዎቹ ጥናቶች ግን በጥቂት ሰዎች ላይ የተሠሩ ናቸው፤ በሽታው ሙሉ በሙሉ ይጠፋል የሚል ውጤትም አላመጡም። አሜሪካ በ2021 ባወጣችው ሕግ የቀድሞ ወታደሮች ውሻ በማሠልጠን የሚታገዙበትን የሙከራ ፕሮግራም ስትፈቅድ፣ ከሕክምናቸው ጋር አብሮ እንዲሄድ ነው።

ልጅዎ ወይም እርስዎ ሕይወትን ስለማጥፋት እያሰቡ ከሆነ ወደ ፈረስ ግቢ ቀጠሮ አይጠብቁ። አሜሪካ ውስጥ ቀን ሆነ ሌሊት 988 ይደውሉ፤ አስተርጓሚ መጠየቅ ይቻላል።

ውሻዬን በኢንተርኔት ገንዘብ ከፍዬ ባስመዘግብ ሰርቪስ ዶግ ይሆናል?

አይሆንም። በአሜሪካ ሕግ ሰርቪስ ዶግ የሚባለው ለባለቤቱ የአካል ወይም የአእምሮ ጉዳት የተወሰነ ሥራ እንዲሠራ የሠለጠነ ውሻ ነው፤ መንግሥት የሚያውቀው መዝገብ የለም፣ የሚሸጠው ወረቀትም ዋጋ የለውም። ለማጽናናት ብቻ የሚያዝ እንስሳ ሱቅና ምግብ ቤት የመግባት መብት የለውም፤ ከ2021 መጀመሪያ ወዲህ አየር መንገዶችም የመቀበል ግዴታ የለባቸውም። ለኪራይ ቤት ግን ሌላ ሕግ ስላለ ሐኪምዎ የሚጽፈው ደብዳቤ ሊጠቅም ይችላል። ሐሰተኛ ወረቀት መያዝ በእውነት ውሻው የሚያስፈልገውን ዓይነ ስውር ይጎዳል፤ ክርስቲያን ሊያደርገው አይገባም።

እንስሳቱስ? ከጭካኔ አውጥተን የሰው ሐዘን መሸከሚያ አደረግናቸው ማለት አይደለም?

ሊሆን ይችላል፤ ካልተጠነቀቁ። ሕጋችን ይህ ነው፦ ፈረሱ ከሄደ ይሂድ። ጆሮውን ከጣለ፣ ፊቱን ካዞረ፣ ልጁ «ዛሬ አልፈለገም» ብሎ እንዲያከብረው እናስተምረዋለን፤ እምቢ ማለቱ ተሰምቶለት የማያውቅ ልጅ ከዚህ የሚማረው ብዙ ነው። እሑድ ፈረሶቹም ያርፋሉ። የሰንበት ትእዛዝ በሬህና አህያህም ይረፉ ብሎ በስማቸው ጠርቷቸዋል። የጠላትህ አህያ እንኳ ከጭነቱ በታች ወድቆ ብታየው አትለፈው፣ አብረህ አንሣው ይላል ዘጸአት 23፤ ከባለቤቱ ጋር ያለህ ጠብ አህያውን አይመለከትም።

መታደግ ራሱ እውቀት ይጠይቃል። በረሃብ አጥንቱ የወጣ ፈረስ ሲመጣ የሁሉም እጅ ወደ እህሉ ከረጢት ይሄዳል። ያ እጅ ይገድለዋል። ለረጅም ጊዜ የተራበ አካል በድንገት ብዙ እህል ሲገባበት በደሙ ውስጥ ያለው ፎስፈረስ፣ ፖታሲየምና ማግኒዚየም ወደ ሴሎቹ ይጎርፋል፤ ደሙ ውስጥ ያጥራል፤ ልቡና ሳንባው ይደክማሉ፤ በቀናት ውስጥ ይወድቃል። ስለዚህ በትንሽ በትንሹ፣ በቀን ብዙ ጊዜ፣ በሐኪም ምክር የአልፋልፋ ድርቆሽ ይሰጠዋል፤ መጠኑ የሚጨምረው ከአንድ ሳምንት በላይ በሚፈጅ ጊዜ ቀስ እየተባለ ነው። ከ1 እስከ 9 በሚቆጠረው የፈረስ ሰውነት መለኪያ 1 ላይ ያለ ፈረስ ደህና ወደሚባለው 5 ለመድረስ ወራት ይፈልጋል። ከመከራ የወጣ ሰውም እንዲሁ ነው፤ በመጀመሪያው ሳምንት በጥያቄ፣ በስጦታና በምክር አያጥለቅልቁት።

ሥጋ እየበላን ለፈረስ ማዘን ግብዝነት አይደለም?

አይደለም። እግዚአብሔር ለኖኅ ሥጋን በፈቀደበት በዚያው በዘፍጥረት 9 ላይ ኪዳኑን ከእንስሳትም ጋር አድርጓል። ጾማችን በዓመት ወደ ግማሽ ከሚጠጋው ቀን እጃችንን ከሥጋ ይሰበስባል። ጻድቅ ለእንስሳው ነፍስ ይራራል የሚለው ምሳሌ 12፥10 የሚናገረው ከብት ለሚያርድና ለሚያርስ ሕዝብ ነው።

እንስሳው ቢሞትስ? ልጄ ሌላ ሐዘን ይጨመርበታል ብዬ ፈራሁ።

ፍርሃትዎ እውነት ነው። ፈረስ ሃያ አምስት፣ ሠላሳ ዓመት ሊኖር ይችላል፤ ወደ እኛ የሚመጡት ግን ብዙዎቹ ያረጁና የታመሙ ናቸው። ስለዚህ ይሞታሉ።

የምንለምናችሁ አንድ ነገር ነው፦ «ወደ ሌላ እርሻ ሄደ» ብላችሁ ለልጅ አትዋሹ። የእኛ ሰው መርዶ መደበቅን ያውቃል፤ ስንት ልጅ ነው አያቱ ከሞቱ ከወራት በኋላ የሰማው? ለአሜሪካ ልጆቻችን ይህ ሐዘኑን አያቀልላቸውም፣ በእኛ ላይ ያላቸውን እምነት ነው የሚወስደው። ለልጁ በጊዜው ይንገሩት፣ ከፈለገ ይሰናበት፣ ያልቅስ። ፈረሱ ተሠቃይቶ መዳን ሲያቅተው ሐኪም በማደንዘዣ እንዲያርፍ ያደርጋል፤ ይህንንም በእድሜው ልክ እናስረዳዋለን። የአባቱ ቀብር ላይ መገኘት ያልቻለ ስደተኛ ልጅ ለፈረስ ሲያለቅስ ለማን እንደሚያለቅስ አጠገቡ ያለ ሰው ይገባዋል። ያን ጊዜ የሥነ ልቦና ባለሙያውን እንጠራለን።

እንስሳ መንግሥተ ሰማያት ይገባል ወይ ለሚሉኝ ደግሞ ሮሜ 8ን አንብቡ እላለሁ፤ ፍጥረት ሁሉ ከጥፋት ባርነት ነጻ መውጣትን እንደሚጠባበቅ ይናገራል። ለልጁ ከዚያ በላይ ቃል አልሰጠውም።

አገር ቤት እንዲህ ያለ ነገር መጀመር ይቻላል?

ይቻላል፤ ግን የአሜሪካውን ገልብጦ አይደለም። የሚያስፈልገው ሰው ሞልቷል፤ ከ2020 እስከ 2022 በሰሜኑ ጦርነት የቆሰሉ፣ የተፈናቀሉ ልጆች፣ ከዓረብ አገራት በደል ደርሶባቸው የተመለሱ እህቶች። የተጎዳ እንስሳም ሞልቷል።

እኔ ብጠየቅ ከውሻ አልጀምርም፤ የእብድ ውሻ በሽታ ፍርሃቱም አደጋውም አለ። ከአህያ እጀምር ነበር። ኢትዮጵያ በአህያ ብዛት ከዓለም ቀዳሚ ናት፤ ሕዝባችንም አህያን ያውቃል። አህያ ድንጉጥ አይደለም፤ ሲፈራ ከመሸሽ ይልቅ ቆሞ ይቀራል፤ ሰው እልኸኛ የሚለው ለዚህ ነው። ቁመቱ ለልጅ ይመቻል። ሕመሙን ግን ይደብቃል፤ ከጓደኛው ሲለይ መብላት ያቆማል፣ በዚያም ደሙ ውስጥ ስብ ተከማችቶ ሊሞት ይችላል። ስለዚህ ሁለት ሁለት አድርጎ ማኖር ነው። ዶንኪ ሳንክቹዋሪ የተባለው የእንግሊዝ ድርጅት ከ1980ዎቹ ጀምሮ አገራችን ውስጥ ሠርቷል፤ ብሩክ የተባለው ድርጅትም ለጋማ ከብት ይሠራል፤ ቢሾፍቱ ደግሞ የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የእንስሳት ሕክምና ኮሌጅ አለ። እውቀቱ በእጃችን ነው። ለአህያ የሚቆረቆር ሕዝብም አለ፤ በ2017 ቢሾፍቱ ላይ የተከፈተው የአህያ ቄራ የተዘጋው በነዋሪው ተቃውሞ ነው፤ በ2024 ደግሞ የአፍሪካ ኅብረት መሪዎች አህያን ለቆዳው ማረድን ከልክለዋል።

አራዊትን ግን ለዚህ ሥራ አታስቡ። ወደ ባሕረ ሰላጤው አገራት በኮንትሮባንድ ሲወሰዱ የሚያዙ የአቦሸማኔ ግልገሎች፣ በሰንሰለት የኖሩ አንበሶች ሆለታ አቅራቢያ እንሰሳ ኮቴ በሚባለው ማዕከል የሚጠለሉት በሰላም እንዲኖሩ ነው፤ ሰው እንዲዳስሳቸው አይደለም።

ከሁሉ በፊት አንድ የአእምሮ ጤና ባለሙያና አንድ የእንስሳት ሐኪም ያግኙ። እነዚህ ሁለቱ ሳይኖሩ መሬት አይግዙ።

እዚህ አሜሪካ ግቢ ስመርጥ ምን ልጠይቅ?

ክርስቲያኖች ናቸው ተብሎ ብቻ ልጅ አይሰጥም። አገልጋዮቹ የወንጀል መዝገባቸው ተጣርቷል? አንድ ትልቅ ሰው ከልጅ ጋር ለብቻው ከሰው ዓይን ይሰወራል? እርስዎ ቆመው ማየት ይፈቀድልዎታል? እዚህ ላይ የሚያቅማማ ግቢ ካለ ልጅዎን ይዘው ይመለሱ። «ሕክምና» የሚሉ ከሆነ ፈቃዱን የያዘው ማን እንደሆነ ይጠይቁ፤ ለግልቢያ አሠልጣኞች ፓዝ ኢንተርናሽናል የሚሰጠው ማረጋገጫ የታወቀ ነው። ከዚያ እንስሳቱን ራስዎ ይዩ። ውኃቸው ንጹሕ ነው? የጎድን አጥንታቸው ይቆጠራል? ሰው ሲጠጋ ይቀርባሉ ወይስ ጥግ ይይዛሉ? ይህን ለማወቅ እንግሊዝኛ አያስፈልግም፤ ገጠር ያደጉ እናቶቻችን በአንድ እይታ ያውቁታል። ስለዚህ እማማን ይዘው ይሂዱ።

ዋጋው ስንት ነው? ምን ይዘን እንምጣ?

እንደ እኛ ያሉ ብዙ የአገልግሎት ግቢዎች አያስከፍሉም፤ በስጦታ ነው የሚኖሩት። ባለሙያ የሚሰጠው ሕክምና ግን ይከፈልበታል፤ ኢንሹራንስዎ የትኛውን እንደሚሸፍን አስቀድመው ይደውሉና ያረጋግጡ።

ልጁ ጣቱ የተሸፈነ ጫማና ረጅም ሱሪ ይልበስ። አስም ወይም የጸጉርና የድርቆሽ አለርጂ ካለበት፣ በሽታ የመከላከል አቅሙን የሚያደክም መድኃኒት የሚወስድ ከሆነ አስቀድመው ይንገሩን። ዳቦ ወይም ስኳር ለፈረስ አያምጡ፤ ምን እንደሚበላ እኛ እንነግራችኋለን። ከጨረስን በኋላ እጅ በሳሙና ይታጠባል። እናቶች ምሳ ይዘው ሲመጡ አይተናል፤ ለመብላት ጠረጴዛው ከጋጣው ራቅ ብሎ ከዛፉ ሥር ነው።